ካርዱ እስኪመጣ

«በጠርዙ ያዢው እንጂ፣ መሐሉን አትንኪው።»

ትእዛዙ የመጣው አልጋው ላይ ካለው ወጣት ነው። ትራሶች ከጀርባው ተደራርበው ቀና አድርገውታል፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ዓይኑን ከእህቱ ጣቶች ላይ አልነቀለም። እሷ የልብስ መተኮሻውን ጠረጴዛ አልጋው ጎን ድረስ ጎትታ፣ ንጹሕ አንሶላ አንጥፋበት፣ ማዘርቦርድ የሚሉትን የኮምፒውተር ሰፊ ጥቁር ሰሌዳ ከካርቶኑ እያወጣች ነበር። ፀጉር ሠሪ ናት። ቀኑን ሙሉ በመቀስና በቀጭን ማበጠሪያ የሚሠራው እጇ መንቀጥቀጥ አያውቅም፤ ዛሬ ግን ትንፋሿን ውጣ ነበር የምትንቀሳቀሰው።

«ሙሽራ ስሠራ እንኳ እንዲህ አልጨነቅም» አለችው።

«ፀጉር ቢበላሽ ያድጋል። ይሄ አያድግም።»

ቤት ውስጥ «አለቃ» እየተባለ ነው የሚጠራው። ስሙን በፌዝ ያወጣችለት እናቱ ናት። ያኔ እንደ ልቡ የሚሮጥ ልጅ ነበር፤ ሆኖም ተነሥቶ ውኃ ከመቅዳት ተጋድሞ ማዘዝ ይመርጥ ነበር። በኋላ፣ ወጣትነቱ ገና ሳይጠና፣ ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያዝል በሽታ ገባበትና እግሮቹ ከዱት። የፌዙ ስም ጆሮ ላይ መክበድ ጀመረ። ግን ማንም ሊለውጠው አልደፈረም፤ መለወጡ ነገሩን አምኖ እንደመቀበል ይሆን ነበርና።

እጆቹ ግን አልከዱትም። ዓለምን የሚዞረው በእነሱ ነበር። ባረጀች ላፕቶፕ ጌም እየተጫወተ ተራራ ይወጣል፣ ፈረስ ይጋልባል፣ መልካቸውን አይቶ ከማያውቃቸው ጓደኞቹ ጋር ምሽግ ይሰብራል። ላፕቶፗ አንድ ቀን ግላ ግላ ጭስ አውጥታ ስትሞት፣ አዲሱን ኮምፒውተር ራሳችን እንገጣጥመዋለን ያለው እሱ ነው። ዕቃውን አንድ በአንድ መርጦ መግዛት፣ ተገጥሞ የሚሸጠውን ከመግዛት በምን በምን እንደሚሻል አንብቦ ጨርሶ ነበር።

እንደ ኪሳቸው አቅም ሦስት ዕቅድ አወጣ። አንደኛውን «የድሃ» አለው፤ ቢሮ ሲያገለግል የኖረ አሮጌ ኮምፒውተር ይገዛና የጌሙን ምስል የሚያወጣ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ይሰካበታል። ጌሙ ይከፈታል፣ ምስሉ ግን እየደበዘዘና እየተንገጫገጨ ነው። ሁለተኛው «የደመወዝተኛ» ነበር፤ ዕቃው አዲስ ሆኖ መጠነኛ፣ ለጥቂት ዓመታት የማያሳፍር። ሦስተኛውን «የጌታ» ብሎ ከሰየመው በኋላ ራሱ ሳቀበት። የዚህኛው ካርድ ዋጋ ብቻውን ከአንደኛው ኮምፒውተር በሙሉ ይበልጥ ነበር።

እናታቸው ሦስቱንም ሰምታ ስታበቃ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተገኘውን ዛሬውኑ ግዙለት። ለድሃው ዕቅድ የሚሆነው ገንዘብ እጃቸው ላይ ነበር። እምቢ ያለችው እህቱ ናት። ለእሱ ሁልጊዜ የሚደርሰው ሌላ ሰው የጠገበው ነገር ነው አለች፤ አልጋው ከሌላ የተላለፈ፣ ተሽከርካሪ ወንበሩ ከሌላ የተላለፈ፤ ይሄ አንዱ እንኳ አዲስ ይሁንለት ብላ ተከራከረች። ትንሽ ብንታገሥ ሁለተኛው ይደርሳል አለች። ሁለተኛው ሲደርስ ደግሞ ካርዱ ብቻ ከሦስተኛው ቢሆንስ አለች። ባለሱቁ ዛሬ ነገ ሲል፣ ዋጋው ሲሸሽ፣ እሷም ሲያሳድዱት እንደሚርቅ ነገር ስትከተለው፣ ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ሌላው ዕቃ ከነካርቶኑ አልጋው ሥር ተደርድሮ ካርዱን ይጠብቅ ነበር። ማታ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ትልና ስለ ካርዱ ታወራለች፤ ባለሱቁ ምን እንዳለ፣ የትኛው መርከብ እንደዘገየ፣ ሲመጣ እንዴት እንደሚሆን። እሱም ይጠይቃታል። እንደዚያ እየተጫወቱ ራት ይቀርባል።

ትናንት ካርዱ መጣ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ፀጉር ቤቱ ውስጥ መቆሚያ የሚጠፋበት ቀን። እሷ ግን አሠሪዋን ለምና ቀርታለች።

«አሁን የእኔ ተራ ነው» አለ።

ከጥንቱ ውላቸው ይሄ ነበር። የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን፣ ቦታው ላይ የሚያኖረው እሱ ነው። ጉልበት አይጠይቅም። ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ሰሌዳው ላይ ካለችው ጋር አግጥሞ መልቀቅ ነው፤ በገዛ ክብደቱ ይገባል። ሰሌዳውን በትሪ አድርጋ ጭኑ ላይ አኖረችለትና ብስኩት የምታክለውን ፕሮሰሰር መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ተቀራረቡ፤ አልተገናኙም። ከንፈሩን ነክሶ እንደገና ሞከረ። በሦስተኛው እንደምንም ያዛት፣ ክንዱንም ከብርድ ልብሱ ላይ ትንሽ አነሣው። ከዚያ ጣቶቹ ሳያማክሩት ተከፈቱ። ፕሮሰሰሯ ብርድ ልብሱ ላይ ወደቀች። ድምፅ እንኳ አላሰማችም።

እህቱ አነሣቻት፤ አገላብጣ አየቻት። ምንም አልሆነችም።

«ያዳልጣል» አለች።

አያዳልጥም ነበር። ሁለቱም ያውቃሉ።

ምልክቶቹን አጋጥማ ራሷ አስቀመጠቻት፤ መቆለፊያዋንም ወደ ታች ተጫነች። ጀርባዋን ሰጥታው ስለነበር ፊቷ አይታየውም። የሰሞኑ ነገሮች አንድ በአንድ ይመጡባት ጀመር። ስልኩ ደረቱ ላይ ተኝቶ መልእክቱን ሁሉ በአፉ እየተናገረ መላኩ። ራት ላይ እናታቸው በማንኪያ ስታጎርሰው፣ እሷ ራሷም «ይኸው፣ አለቃ ደግሞ ጉርሻ ለመደ» ብላ መቀለዷ። እሱም መሳቁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆየ እኮ።»

«ከመቼ?»

«ግራው ከክረምቱ በፊት። ቀኙ ግን አሁን በቅርብ ነው» አለ፤ ቀኙ መዘግየቱ እንደ ምሥራች ይቆጠርለት ይመስል።

ክረምቱን ሙሉ ማለት ነው። ያ ዝናብ ሁሉ ሲዘንብ፣ እሷ ካርድ ስታሳድድ፣ ገና ደኅና የነበረው ቀኝ እጁ እዚህ ብርድ ልብስ ላይ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነበር። የደበዘዘው፣ የሚንገጫገጨው የድሃ ኮምፒውተር ቢሆን ኖሮ... ሐሳቡን አልጨረሰችውም። ጠመንጃ መፍቻውን እዚህም እዚያም ፈልጋ አገኘችው፤ እጇ ውስጥ ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ያንን የቢሮ ጉድ ሮጠሽ ትገዢው ነበር።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔም ጓጉቼ ነበር፣ እትዬ። ይቆይልኛል ብዬ ነበር። ደግሞ ማታ ማታ ስለ ካርዱ ስታወሪ ድካምሽ ጥፍት ይል ነበር።»

ልትመልስለት ዞረች።  ቢቆጣት ይሻላት ነበር፤ ለቁጣ መልስ አታጣም።

«ቀጥዪ» አላት። «ተከፍቶ አይታደርም።»

ቀጠለች። ሙቀት የሚያስተላልፈውን ግራጫ ቅባት የአተር ፍሬ በሚያህል ጠብ አድርጋ ማቀዝቀዣውን ከነፋኑ ጫነችበት። ሚሞሪ የሚባሉትን ቀጫጭን ሰሌዳዎች ቋ እስኪሉ ገፋቻቸው። ሰሌዳውን ሳጥኑ ውስጥ አስገብታ ብሎኖቹን ስታጠብቅ፣ የትኛውን አስቀድማ የትኛውን ማስከተል እንዳለባት እየነገራት ነበር፤ ድምፁ እንደ ድሮው ነው፣ ፈጣንና ነዝናዛ። በመጨረሻ ካርዱን ከከረጢቱ አወጣችው። ከባድ ነበር፣ የሚያምርም ነበር። ልታሳየው አፍንጫው ሥር ስትይዝለት ዓይኑን ጨፍኖ አዲስ ዕቃ አዲስ ዕቃ የሚለውን ሽታ ሳበ።

ማብሪያውን ስትጫን ፋኖቹ ተሽከረከሩ፤ ሳጥኑ ውስጥ ሰማያዊ መብራት ፈሰሰ። ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው።

ጠበቁ። ጨለማ ነው። እህቱ ደረቷ ላይ አንድ ነገር ቀለል ሲላት ተሰማት፤ ምን እንደሆነ ሲገባት በራሷ ደነገጠች። ተበላሽቶ ከሆነ ይጠገናል። ሱቁ ይመለሳል፣ ባለሱቁ ዛሬ ነገ ይላል፣ ማታ ማታ የሚወራ ይኖራል። አይጥ የሚሉትን ማውስ እጁ ሥር የምታስቀምጥበት ቀን ገና ሩቅ ይሆናል።

«የስክሪኑን ኬብል የት ነው የሰካሽው?» አለ።

ጎንበስ ብላ አየች። ማዘርቦርዱ ላይ ሰክታዋለች፤ ካርዱ ላይ መሆን ነበረበት። አንድ አፍታ እዚያው ጎንበስ እንዳለች ቆየች። ልክ ነው ብትለው ተነሥቶ አያይም።

ነቅላ ካርዱ ላይ ሰካችው። ስክሪኑ በራ።

ጌሙ እስኪጫን ቀኑ ተጋመሰ፤ ፀሐይ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ተሻገረች። እናታቸው ከምትሠራበት የልብስ እጥበት ቤት ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ ሰማያዊውን ብርሃን አየች። አለቀ ወይ አላለችም፣ እስቲ አሳዩኝ አላለችም። ቦርሳዋን አስቀምጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ቀኝ እጁን ወደ ጭኗ ወስዳ ጣቶቹን አንድ በአንድ ማሸት ጀመረች። የለመደችው ሥራ መሆኑ ያስታውቃል። በየትኛው ጣት ጀምራ በየትኛው እንደምትጨርስ ታውቃለች።

እህቱ ያኔ ገባት። «ዛሬውኑ ግዙለት» ማለት ምን ማለት እንደነበር አሁን ነው የሰማችው።

«አንቺ ታውቂ ነበር?» አለቻት።

«አስምሎኝ ነበር፣ ልጄ» አለች እናትየው፣ ቀና ሳትል።

ጌሙ ተከፈተ። ማውሱን እጁ ሥር አደረጉለት። መዳፉ ሸፈነው እንጂ ጣቱ መጫኛው ላይ አርፎ ቀረ፤ እንደማንኛውም የደከመው ሰው ጣት። እህቱ ወንበር ስባ ተጠጋችና እጇን በእጁ ላይ ደረበች፤ በሌላው እጇ ኪቦርዱን ያዘች። ወደ ፊት የሚወስደውን ቁልፍ ነገራት። ስክሪኑ ላይ እሱን የሚወክለው ካባ የለበሰ ሰውዬ ሄዶ ከግንብ ጋር ተላተመ፤ ተላትሞም በግንቡ ውስጥ ሊያልፍ እንደቆረጠ ሁሉ መራመዱን ቀጠለ። እናትየው ሳቋ አመለጣት። እሱም ሳቀ። ካርዱ ግን እንደተባለው ነበር፤ የግንቡ ድንጋይ እርጥበቱ ይታያል፣ በስንጥቁ የበቀለው ቅጠል በነፋሱ ይርገበገባል።

ድምፅ ማጉያው ውስጥ የሰው ድምፅ መጣ። ሌላ ከተማ ያለ አብሮት የሚጫወት ጓደኛው ነበር።

«ጠፍተህ ጠፍተህ መጣህ? ሁላችንም በሩ ላይ ነን። ና እንጂ።»

የምሽጉ በር ዳገቱ አናት ላይ ነበር። ሦስት ካባ የለበሱ ሰዎች ከሥሩ ቆመው አንዱ እጁን ያወዛውዛል። እህቱ ካባ ለባሹን ከግንቡ አላቅቃ ወደ ዳገቱ አዞረችው፤ ጥቂት ወሰደችውና የትኛውን መጫን እንዳለባት ጠፋት። ሰውዬው ሜዳው መሐል ተገተረ። ዝናብ መዝነብ ጀመረ፤ ትከሻው ላይ ሲያርፍ ጠብታው ሁሉ ለየብቻው ይታይ ነበር።

«ምነው ቆምክ?» አለ ጓደኛው።

አለቃ እህቱን አየ፣ እናቱን አየ፣ ከዚያ ስክሪኑን አየ።

«እናንተ ሂዱ» አለ። «እደርስባችኋለሁ።»

ሁለቱ በበሩ ገቡ። አንደኛው ቀረና ዳገቱን ወርዶ መጥቶ አጠገቡ ዝናብ ላይ ተቀመጠ።

«የቱን ልጫን?» አለች እህቱ፣ ጣቷን ከቁልፎቹ በላይ አንጠልጥላ።

እሱ ዝናቡ ላይ የተቀመጠውን ሰውዬ እያየ ነበር። ከእጇ ሥር እጁ ይሞቃል።