መግባት ይችል ነበር

ሥራዬ የፈረስ ኮቴ ላይ ብረት መምታት ነው። ነብራስካ ውስጥ ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው ስዞር ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነኝ። አለቃ የለኝም፤ ስለዚህ የጤና መድን የሚገዛልኝም የለም። መንግሥት ግን ለእንደኔ ዓይነቱ አንድ ደግነት አለው፤ ለመድን የከፈልኩትን፣ ግብር ከሚታሰብበት ገቢዬ ላይ ይቀንስልኛል። ከግብር ወረቀት ውስጥ የምወደው መስመር እሱ ብቻ ነው።

ዘንድሮ ደግሞ አጥብቄ ጠብቄዋለሁ። ቀኝ እጄ አንጓው ላይ ታሞ መዶሻ መያዝ እምቢ ብሏል። ዶክተር ሃልቨርሰን በሚያዝያ ኦፕራሲዮን ሊያደርግልኝ ቀጥሮኛል። መድኑ የማይሸፍነውን ድርሻችንን ሚስቴ ላቮን እንደምንም አጠራቅማለች። ያ ገንዘብ ከተነካ እጄም አበቃለት።

የግብር ወረቀታችንን የምትሞላው አርዲስ ናት፤ አብራኝ የተማረች። በየዓመቱ የምትጠይቀኝን ጠየቀችኝ።

«በመሥሪያ ቤት በኩል መድን መግባት ትችል ነበር?»

«ማን ቀጥሮኝ? ፈረሶቹ?»

አርዲስ ሳቀች። አብራኝ የመጣችው ላቮን አልሳቀችም። ባለፈው ግንቦት የእህል ጎተራው ሚዛን ቤት ተቀጥራለች።

«በሰኔ መድን ግቢ ብለውኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ለባልሽም ይሆናል አሉኝ። አልፈልግም ብዬ ፈረምኩ። ሃልቨርሰን በዚያ መድን አያክምማ።»

አርዲስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እንግዲያው ከሰኔ ወዲህ የከፈላችሁት አይቀነስም።»

«አልገባሁም እኮ» አልኳት።

«ገብተሃል አላልኩም። መግባት ይችል ነበር ወይ ነው ሕጉ የሚለው።»

«አልገባኝም።»

«እሱ እንኳ እኔም የገባኝ ስንት ዓመት ቆይቶ ነው።»

ያልበላሁትን ራት ሂሳብ ክፈል የተባልኩ መሰለኝ። «በቃ አልሰማሁም በያ፣ አንቺ» አልኳት።

«ሰምቻለሁ፣ ኦርቪል። እታች እኔም እፈርማለሁ።» በሌላ መስመር ልታስገባው ሞከረች፤ ለዚያ ደግሞ ወጪያችን አነሰ። ከዚያ የምንከፍለውን ነገረችን። ላቮን ያጠራቀመችውን ጠራርጎ የሚወስድ ነበር።

በላቮን ላይ ልጮህ አሰኝቶኝ ነበር። ምን ብዬ? ሃልቨርሰን እንዳያመልጠኝ ብላ ነው የፈረመችው። አሁን በፈረመችው ምክንያት ሃልቨርሰን አመለጠኝ። ማንን እንደምቆጣ አጥቼ በግራ እጄ ፈረምኩ። ፊርማዬ የልጅ ጽሕፈት መሰለ።

ቤት እንደደረስን ላቮን ወደ ሐኪም ቤቱ ደወለች። ስልኩን ጮክ አድርጋው ስለነበር እዚያ ያነሳችው ልጅ የምትለው ይሰማኛል። ቀጠሮው ይሰረዝ አለቻት። ልጅቷ ትሑት ናት፤ ሌላ ቀን ልፈልግላችሁ ወይ አለች። ላቮን ዞር ብላ አየችኝ። አይሆንም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

«ምክንያቱን መጻፍ አለብኝ» አለች ልጅቷ። «መምጣት አይችልም ልበል?»

ላቮን ዓይኗን ከእጄ ላይ አላነሳችም።

«ይችል ነበር» አለች።