የእብናቱ ቤት በካርቶን

ወይዘሮ ፈንታነሽ ፍራሽ ሊያመጡ ከገቡበት ክፍል ባዶ እጃቸውን ወጡና የወንድማቸውን ልጅ የሕይወትን ክንድ ጨበጡ።

«ወንድምሽ ምስጋና ምን ሲሠራ ነበር የኖረው?» አሉ በሹክሹክታ። «ሟቹን አባታችሁን አየሁት! መደብ ላይ ተቀምጧል። አንዲት ቁልፍ ብነካ ቤቱ ቦግ አለ!»

«አክስቴ፣ ከነሰዎቹ የካርቶን ቤት እኮ ነው። ወንድሜ በእጁ የሠራው ነው።»

«የሙት ምስል ሠርቶ መብራት ማብራት ምን ይባላል? እንዲያ ያለ ጤነኛ ልጅ ድንገት በትኩሳት የሄደው እንግዲህ…» አልጨረሱትም። «ለቄስ አለሙ መንገር አለብኝ።»

የምስጋና ሠልስት ነበር። ሳሎኑ በለቀስተኛ ሞልቷል፤ እናቷ በለጠች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከመሃላቸው ተቀምጣለች። አንዱ መጥቶ «ልጅሽ ጥንቆላ ነበረበት» ቢላት ይህቺ ሴት በሕይወት ትተርፋለች? ሕይወት ወደ ክፍሉ ሮጠች።

ምስጋና ቤቱን የጀመረው የእናቱን ዓይን ሞራ ሲሸፍነው ነው። እብናት የነበረው የአባታቸው የውቤ ቤት ፈርሷል። በለጠች ግን «አንዴ እንኳ ባየሁት» ማለቷን አልተወችም። ምስጋና ከማዘጋጃ ቤት ሥራው ሲመለስ ካርቶን ይቆርጣል፣ ሣር ይለጥፋል። ያለ መብራት በፊቷ ሲያሳልፈው «ያ ሳጥን ምንድን ነው?» አለችው። ክፉኛ አዘነ። ከባሕር ዳር የስንዴ ፍሬ የሚያካክሉ አምፖሎች ገዝቶ፣ ሽቦውን ከጣሪያው ሥር አስተኛው። ብርሃኑ ነጭ ሲሆንበት «ይሄ የሆስፒታል እንጂ የኩራዝ አይደለም» ብሎ በቢጫ የከረሜላ ልጣጭ ሸፈናቸው። ለፋሲካ ሊሰጣት ነበር።

ሕይወት ቁልፉን ብትጫነው አልጠፋም። ከሳሎን የአክስቷ ድምፅ ይሰማል፤ «አባቴ፣ እስቲ ይምጡና ይዩልኝ።» ሽቦውን ይዛ ጎተተች፤ ከነባትሪ ድንጋዩ ወጥቶ እጇ ላይ ቀረ። ሁለቱ የተላጡ ጫፎች ተነካኩ፤ ባትሪ ድንጋዩ እጇ ላይ ጋለ፤ የሚቃጠል ፕላስቲክ ሸተተ። በድንጋጤ ጣለችው። ቤቱ ጨለመ።

በሩ ተከፈተ። አክስቷ፣ ቄስ አለሙ፣ ከኋላቸው በለጠች።

«ምን ተቃጠለ?» አለች በለጠች። ወደ ጠረጴዛው አፍጥጣ ነበር፤ ምንም አልታያትም።

«ይኸው አባቴ፣ ይመልከቱ!» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ።

«ምንድን ነው ልጄ?» ቄሱ ሕይወትን ጠየቋት።

ዝም ብትል እናቷ ሳታይ ትወጣለች። ብታበራው ደግሞ ቄሱ ምን እንደሚሉ አታውቅም። ከወለሉ ባትሪ ድንጋዩን አነሣች፤ የተላጡትን ጫፎች ለያይታ እያንዳንዱን በየቦታው መለሰች።

ቢጫ ብርሃን ፈሰሰ።

ቄስ አለሙ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ቤት ነው ፈንታነሽ» አሉ በመጨረሻ። «ቤት ነው የሠራው፤ ነፍሱን ይማረው።»

በለጠች ተንበርክካ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አስጠጋች።

«እብናት» አለች። «ውቤ መደቡ ላይ። እኔ ምሰሶው ሥር… ይቺ አንቺ ነሽ፣ ጭራሮ የያዘችው።» ጣቷ በትንንሾቹ ሰዎች መሃል ፈለገ። «እሱስ የታለ?»

«ራሱን አልሠራም እማዬ።»

በለጠች እጇን በጎን በኩል አዙራ የካርቶኑን በር በዳበሳ አገኘችው። ተዘግቷል። በጥፍሯ ጫፍ ገፋ አድርጋ ገርበብ አደረገችው።