ስድስቱ ጎምዛዛዎች

አባታቸው በሞተ በሦስተኛው ወር ታናሽ ወንድሟ የፖም እርሻውን ለሁለት ከፈለው፤ መክፈል ከተባለ። ሠላሳ አራቱን ጣፋጭ ዛፎች ለራሱ አደረገና፣ ቦዩ አፍ ላይ የቆሙትን ስድስት ጎምዛዛዎች ከአሮጌው ቤት ጋር ለታላቅ እህቱ ተወላት። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ምን ያደርግላታል አለ አሉ። እሷም ጥርሷን ነክሳ ተቀበለች። ጎምዛዛ ፖም የሚገዛት አንድ ማርማላታ ሠሪ ነበርና በዚያ ትኖር ነበር። ሰፈሩ ግን «ጎምዜ» የሚል ስም አወጣላት፤ ሰው ክፉ ስም ለማውጣት ሲሆን አእምሮው መቼ ይሰንፋል።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ዓይንና ናጫ ሆኑ። ድሮ «እትዬ» እያለ የሚጠራት ወንድሟ አሁን ቢቸግረው «አንቺ» ይላታል። ዛፍ በሚገረዝበት በብርዱ ወራት የገረዘውን ጭራሮ ሁሉ እሷ አጥር ላይ ይቆልላል። እሷም አታንስም፤ ቦዩን ስትጠርግ ጭቃውን የምታወጣው ወደ እሱ በኩል ነው። እንዲህ እየተባባሉ ሁለት ዓመት ሄደ።

በሦስተኛው ዓመት፣ እንቡጡ ገና ሳያብጥ፣ አናጢው ዘንድ ከሰሳት። አናጢው ሚዛናዊ ነው እየተባለ ጎረቤት ሁሉ ጠቡን ይዞ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። የወንድምየው አቤቱታ ጎምዛዛዎቹ ውሃውን ከአፉ ይጠጡብኛል፣ ጥላቸው የመጀመሪያውን ረድፍ አቀጨጨብኝ የሚል ነበር። እውነቱን ግን ሁሉም ያውቀዋል። ዛፎቹ ከሄዱ የምትበላው የላትም፣ የምትበላው ካጣች ቤቱን ትሸጣለች፣ ገዢው ማን እንደሚሆን ደግሞ አይጠየቅም።

እሷ ብዙ አልተናገረችም። ጎምዛዛዎቹ ወንዶች ናቸው፣ አባታችን አውቆ ነው የተከላቸው፣ ንብ ከነሱ አበባ ወደ ጣፋጮቹ ካልተመላለሰ ጣፋጮቹ አያፈሩም አለች። የተሰበሰበው ሰው በሳቅ ፈረሰ። አንዱማ ለካ ጎምዜ ስድስት ባል ደብቃ ኖሯል ብሎ ሁሉንም ሆዱን አስያዘው። አናጢው ወደ ወንድምየው ዞሮ አባታችሁ ይህን ሲል ሰምተህ ታውቃለህ ብሎ ጠየቀው። ወንድምየው ዓይኑን በጨው አጥቦ መለሰ።

«አልሰማሁም። ከራሷ ያወጣችው ነው።»

ይቆረጡ ተባለ። ሚዛናዊው አናጢም ግንዶቹን ለድካሙ ወሰደ፤ የፖም እንጨት ለመዶሻ እጀታ ይሆናል አሉ። ጉድ እኮ ነው። እሷን ግን ከዛፎቹ መቆረጥ ይልቅ ያንገበገባት በአባቷ ቃል ውሸታም መባሏ ነበር።

መጋዙን ለማንም አልሰጠችም። ከጉልበት ከፍታ ላይ ራሷ ቆረጠቻቸው፤ ሙሉ ቀን ፈጀባት። እያንዳንዱ ሲወድቅ አለቀሰች፣ ሰው እንዲያያት ግን አልፈለገችም። በጉቶዎቹ መካከል ሽንኩርት ተከለች። ወንድሟ ቤቱን ትሽጥልኝ ብሎ ሁለት ጊዜ ሰው ላከባት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

አበባው ሲፈነዳ የወንድሟ ማሳ ነጭ በነጭ ሆነ። ያን ዓመት የመሰለ አበባ ታይቶ አያውቅም። መንገደኛ እያስቆመ አሳየ፤ ለፍሬው መያዣ ብሎ አናጢው ጋ መቶ ሣጥን አዘዘ። እሷ ከአጥሩ ወዲህ ሽንኩርቷን እየኮተኮተች ሁሉንም ትሰማለች። 

አበባው ረገፈ። አተር የሚያክል ፍሬ ታየ፣ ሳምንት ሰነበተ፣ ከዚያ ቢጫ እየሆነ ይወርድ ጀመር። ወንድሟ መጀመሪያ ንፋስ ነው አለ። ቀጥሎ ተባይ ነው ብሎ መድኃኒት ረጨ። ውሃ ጨመረ፣ ደግሞ ውሃ ከለከለ። በወሩ መጨረሻ ሠላሳ አራቱም ዛፎች ላይ የቀረው ቅጠል ብቻ ነበር። የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ጣለ፤ ይህን ፊት ለፊት የሚነግረው ሰው ግን አልተገኘም።

አንድ ማለዳ የአጥሯን በር በርግዶ ገባ። በእፍኙ የያዘውን የረገፈ ፍሬ አምጥቶ ሽንኩርቷ ላይ በተነው። ማንን አስደግመሽብኝ ነው እያለ ጮኸባት። እሷ የመግረዣ መቀሷን ይዛ ከአንዱ ጉቶ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ቀና ብላም አላየችው። ያን ጊዜ ነው ከጉቶዎቹ ክንድ ክንድ የሚያህል ለምለም ቀንበጥ መውጣቱን ያየው። ድምፁ ወዲያው ወረደ።

«ቀንበጡን ስጪኝ፣ ዛፎቼ ላይ ላዳቅለው» አለ። «ሁሉንም አልፈልግም። አንዱ ወንድ ለስድስት ዛፍ ይበቃል።»

እጇ ቀጥ አለ። አንዱ ለስድስት እንደሚበቃ አናጢው ፊት አልተናገረችም፤ ለማንም ተናግራ አታውቅም። ይህን ይል የነበረው አባታቸው ነው፣ ችግኝ እየተከለ፣ ሁለት ልጆቹን ግራና ቀኝ አስቀምጦ።

«ሰምተህ ነበር» አለች።

መሬት መሬት አየ። «ሰምቼ ነበር። ታዲያ ፍሬዬ በእህቴ ዛፍ ነው የሚያድረው ብዬ በሰው ፊት ልናገር? ከሩቅም ቢሆን ንብ ያመጣዋል ብዬ ነው።»

ይህን ሁሉ ጊዜ ሕፃን ስለነበር ረስቶታል፣ አያውቅም ብላ ነበር የምትጠላው። የማያውቅን ሰው መጥላት ለካ ቀላል ኖሯል። ተነስታ የመጀመሪያውን ጉቶ ቀንበጥ ከሥሩ ቆረጠችው። ከዚያ የሁለተኛውን።

«እትዬ፣ ተይ» አለ። ከክፍፍሉ ወዲህ እንዲህ ሲጠራት የመጀመሪያው ነው። ሦስተኛውንም፣ አራተኛውንም፣ አምስተኛውንም ቆረጠች። ስድስተኛው ላይ መቀሱን ከፍታ ቆመች።

«አናጢው አሁን ሱቁ ውስጥ ነው» አለችው። «የሳቁትን ሰብስብና አሁን ያልከኝን ንገራቸው። እስከ ቀትር እጠብቅሃለሁ።»

ወጣ። አጥሩ ሥር ቆመ። አንዴ ወደ አናጢው ሱቅ፣ አንዴ ወደ ባዶ ዛፎቹ እያየ ፀሐይ አናቱ ላይ ወጣች። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ገባና በሩን ዘጋ። እሷም ስድስተኛውን ቆረጠችው።

ጉቶ ግትር ነው፣ ደጋግሞ ያቆጠቁጣል። እሷም በየሳምንቱ መቀሷን ይዛ ትዞረዋለች፤ እሱ በመስኮቱ ያያታል። የአናጢው ሱቅ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም።