ገመድ የለውም የተባለው

ወይዘሮ ፈንታነሽ ከጓዳ ወደ ሳሎን ሲወጡ መሬት ለመሬት የተዘረጋ የኤክስቴንሽን ገመድ ጠልፏቸው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ባለቤታቸው አቶ ምንይሉ ከቤታቸው ወለል ላይ ገመድ የሚባል ነገር ማየት አስጠላቸው። ያንን ኤክስቴንሽን ነቅለው ከአጥር ውጭ ጣሉት። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ጓዳው መብራት አጣ።

ሞጣ ላይ ፈንታነሽን የማያውቅ የለም። የጊዮርጊስ ማኅበር በተገናኘ ቁጥር ምርቃቱን በእልልታ የሚያደምቁት እሳቸው ነበሩ። ማኅበሩ እነሱ ቤት ሊውል ሲቃረብ አቶ ምንይሉን አንድ ነገር ከነከናቸው። ሳሎኑ በሰው ሞልቶ፣ የቤቱ እመቤት ከጓዳ ተኝታ ምንም ሳትሰማ ልትውል ነው። አሰቡ አሰቡና ገበያ ወጥተው ጥንድ ስፒከር ከሁለት ማይክ ጋር ገዙ፤ አንዱ ለሳሎን፣ አንዱ ለጓዳ። ሻጩ ዋየርለስ ነው፣ ገመድ የሚባል አያውቅም ብሎ ምሎላቸዋል።

ቤት ገብተው ካርቶኑን ሲከፍቱ ከእያንዳንዱ ስፒከር ሥር ጥቁር ገመድ ተጠቅልሎ ወጣ። አቶ ምንይሉ መልሰው ካርቶኑ ውስጥ ከተቱትና መታለላቸውን ለሚስታቸው ነገሩ። ወይዘሮ ፈንታነሽ ግን ዕቃውን ለሻጩ ከመመለሳቸው በፊት ለሰገነት እንዲደውሉ ለመኗቸው።

ሰገነት አንድ ልጃቸው ናት። አባትየው ነርስ እንድትሆን ነበር ምኞታቸው፤ እሷ ቢቸና ሄዳ የመብራት ሥራ ተማረች፣ እዚያው ለአዳዲስ ቤቶች መስመር ትዘረጋለች። ልጅዎ የት ደረሰች ሲባሉ አቶ ምንይሉ “ቢቸና ሥራ ይዛለች” ይሉና ወሬውን ወደ ዝናቡ ያዞሩታል። ሴት ልጃቸው ፒንሳ ይዛ መሰላል ላይ ትውላለች ማለት ካፋቸው አልወጣ ብሏቸው ኖሯል። የዚያን ቀንም የደወሉት እያመነቱ ነው።

ሰገነት ቅዳሜ ጠዋት ከቢቸና መጣች። እናቷን ስማ፣ ስፒከሮቹን ገልብጣ አየች።

“አባባ፣ ሻጩ ግማሹን ነው የነገረዎት” አለች። “ያለ ገመድ የሚሄደው ድምፁ ነው። መብራቱ ግን በአየር አይመጣም፤ ሁለቱም የየራሳቸው ሶኬት ይፈልጋሉ።”

ባትሪ ያለው የለም ወይ ብለው ጠየቋት። አለ፣ እሱም ባትሪው ባለቀ ቁጥር ቻርጅ ለማድረግ ከገመድ ላይ ይሰካል አለቻቸው።

“እንግዲያ በገንዘቤ ሌላ መጥለፊያ ገዝቼ ገባሁ በይኛ።”

“ጥፋቱ ገመዱ እግር ሥር መዋሉ ነው” አለች ሰገነት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። “እኔ ግድግዳ ውስጥ አስገባዋለሁ።”

ቤቱን ያቆሙት ራሳቸው አቶ ምንይሉ ናቸው፤ ጭቃውን ከጭድ ያቦኩት፣ ግድግዳውን የመረጉት በገዛ እጃቸው ነው። ግድግዳው በመሮ ሲቦረቦር ማየት አልሆነላቸውም፤ ወጥተው ጀርባቸውን ሰጥተው ደጅ ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆዩ ተመልሰው ገብተው መሰላሉን ያዙላት። ሰገነት መብራቱን ከቆጣሪው ላይ አጥፍታ ስታበቃ፣ ሽቦውን ከመንካቷ በፊት መብራት እንዳለበት በሚያሳየው ቴስተር ፈተሸች። ወደ ሌላው ጫፍ ሄዳ ደግሞ ፈተሸች።

“አጥፍተሽው የለም እንዴ?” አሏት።

“አጥፍቻለሁ። እጄን የምሰጠው ግን ካየሁ በኋላ ነው።”

አቶ ምንይሉም ወጣት ሳሉ ምሰሶ ሲያቆሙ ሁለቴ ሳይለኩ አንዴ አይቆርጡም ነበር። ከማን እንደወረሰችው ገባቸው።

ሽቦውን በፕላስቲክ ቱቦ አድርጋ ከበሩ ጉበን በላይ አሳለፈችው፣ ከእናቷ ራስጌ ሶኬት አወጣችለት፣ ለሳሎኑም ከቁምሳጥኑ ጎን ሌላ ጨመረች። የተቦረቦረውን በጭቃና በጭድ መርጋ፣ ሲደርቅ ቀለም ቀባችው። አቶ ምንይሉ ማንም በሌለበት መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ እያስኬዱ የተመረገበትን መጋጠሚያ ፈለጉ። አላገኙትም።

የማኅበሩ ዕለት አንደኛው ማይክ ከነፍስ አባታቸው ከአባ ገብረ ማርያም ፊት ተቀመጠ፤ ሁለተኛው ከጓዳ፣ ከወይዘሮ ፈንታነሽ እጅ። አባ ጸሎቱን አድርሰው መረቁ። ቤቱ አሜን ሲል ከቁምሳጥኑ ላይ ካለው ስፒከር የፈንታነሽ “አሜን” ተከተለ፤ ከዚያም እልልታቸው። ወዲያው የሳሎኑ ሴቶች በአንድነት ተቀበሏቸው። ከእድሜ እኩዮቻቸው አንዷ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

አባ ገብረ ማርያም ባለሙያው ከየት መጣ ብለው ጠየቁ። አቶ ምንይሉ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

“ከቢቸና ነው፣ አባ። ልጄ ሰገነት ናት። ግድግዳውን የቦረቦረችውም፣ መስመሩን የዘረጋችውም እሷው ናት። ሥራዋ ይኸው ነው።”

የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዛ በሩ ላይ የቆመችው ሰገነት አንገቷን ደፋች። አባ እጅሽ ይባረክ አሏት። ከማኅበርተኞቹ አንዱ፣ አቶ ባየ፣ የኔም ቤት ወለሉ ሁሉ ገመድ ነው ሲሉ፣ አቶ ምንይሉ ልጃቸው ሥራ እንደሚበዛባትና ተራ መጠበቅ እንዳለባቸው ኮራ ብለው አስረዷቸው።

ወይዘሮ ፈንታነሽ ማይኩን ማጥፋት ረስተው ኖሯል። አጠገባቸው ለተቀመጠችው ጎረቤት ያሉት ሁሉ በሳሎኑ ተሰማ።

“ሰማሽው ምንይሉን? ይህ ቃል ካፉ እስኪወጣ ስንት ዘመን ጠበቅሁ።”

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አቶ ምንይሉም አብረው ሳቁ፣ ከሰገነት እጅ ማንቆርቆሪያውን ተቀብለው ለእንግዶቹ ራሳቸው መቅዳት ጀመሩ።