ለሁሉም የተባለው መጽሔት

መንሱር በጎብዬ ዙሪያ የውሃ አባት ነው። ክረምት ከጋራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ለየማሽላው ማሳ በተራ የሚያደርሰው እሱ ነው። አጠላለፉን ግን ለጠያቂ ሁሉ አይናገርም። «ወስደው ይቆልፉበታል» ይላል።

«ይሄ አይቆለፍም፣ አጎቴ» አለችው ራዊያ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዋ የእህቱ ልጅ። ከመምህሯ ከይርጋ ጋር የአካባቢውን ጥናት የሚያወጣ የኢንተርኔት መጽሔት ጀምራለች። «ሶፍትዌሩ ራሱ እንደ ደቦ ነው፤ ስንት አገር ሰው ተጋግዞ ሠርቶት ማንም በነፃ ይወስደዋል። ጽሑፉንም ስልክ ያለው ሁሉ ያነበዋል። ወላሂ።»

በወላሂ አመናት። እሱ ሲናገር ዋለ፣ እሷ ስትቀርጽ።

ጽሑፉ የወጣው ጁምዓ ቀን ነው። መንሱር ከሶላት መልስ ገበሬዎቹን ሰብስቦ ጠበቃት። «በይ አንብቢልን፤ ዛሬ እኛም ምሁር ነን።»

ስልኳን ከፈተች። ርዕሱ አለ፣ የመንሱር ስም አለ። ከሥሩ ግን «የአባልነት የይለፍ ቃል ያስገቡ» ይላል።

«ኔትወርክ ነው?» አለ አንዱ ሊያድናት።

ኔትወርክ እንደሆን መሰደብ ለምዷል፤ ማሳበብ ትችል ነበር። «አይደለም» አለች።

በማግስቱ በሚኒባስ ቆቦ ገብታ ይርጋን ከተከራየበት ግቢ አገኘችው።

«ቲቸር፣ ማነው የቆለፈው?»

«እኔ ነኝ። ማንም የሚያየው ነገር ክብር የለውም፣ ራዊያ። ለመምህራንና ለተመራማሪዎች ክፍት ነው እኮ።»

«ሶፍትዌሩ መቆለፊያ አለው እንዴ?»

«አለው። መምረጥ የባለቤቱ ነው።»

«እርስዎስ ባለቤቱ መቼ ሆኑ? እሺ፣ ጎብዬ ይምጡና ለአጎቴ ይንገሩት።»

«ክፍል አለኝ» አላት። ቀኑ ቅዳሜ ነበር።

ራዊያ አኮረፈች፤ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ያንኑ ሶፍትዌር እንደ አዲስ ጭና የራሷን መጽሔት ከፈተችና መንሱር ዘንድ ሄደች። ቦይ እየጠረገ ነበር።

«ድምፅህ እኔ ጋ አለ። ፍቀድልኝና ላውጣው።»

«ወላሂ ብለሽኝ ነበር።»

«እኔንም እኮ ነው የከዳኝ።»

«እኔን የከዳኝ እሱ አይደለም። እሱን መቼ አውቄው።»

ራዊያ ገና ባዶ የሆነውን የራሷን መጽሔት በስልኳ ከፍታ አሳየችው።

«የአንቺውስ ይቆለፋል?» አላት አካፋውን ተደግፎ።

«ይቆለፋል። የምቆልፈውም የምከፍተውም እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ባዶውን ክፍት አርገሽ አክርሚው፤ አየዋለሁ። ድምፄን ግን አጥፊልኝ። አሁን፣ እያየሁሽ።»

ራዊያ ስልኩን ወደሱ አዙራ የቀረጸችውን ድምፅ አጠፋችው።