ከማን እንደያዛቸው

ሲስተር ዘርፉን በአዳማ ከተማ የሚሸሻት ሰው ብዙ ነበር፤ ፊቷን አይቶ ሳይሆን ስልክ ቁጥሯን አይቶ። ክትባቱ በመጣ በመጀመሪያው ዓመት፣ ረመዳን ሊገባ ሰሞን፣ ከተማው ውስጥ ኮሮና የተገኘበት ሰው ሁሉ ስሙ እሷ ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል። እሷም ትደውላለች። መቼ ማሳል ጀመርክ? ከማን ጋር በላህ? ማንን ሳምክ? የኢንዱስትሪ ፓርኩ ልጆች ማሽን ላይ ስለሆኑ አያነሱም። ነጋዴዎቹ ያነሱና «ጉንፋን ነው» ብለው ጆሮዋ ላይ ይዘጉባታል። አንድ የባጃጅ ሹፌር እንዲያውም «እህቴ፣ ሚስቴ እንኳን የት እንደዋልኩ እንዲህ አትመረምረኝም» ብሏታል። አመሻሽ ላይ ጉሮሮዋ ደርቆ ቤቷ ስትገባ ለገዛ ልጆቿ የሚሆን ቃል አይተርፋትም ነበር።

በየቀኑ ጀምበር ሳትጠልቅ፣ ከመግሪብ አዛን በፊት፣ ሦስት ቁጥር ለሕዝብ ክፍት በሆነው የጤና መሥሪያ ቤቱ ቴሌግራም ላይ ትለጥፋለች፤ ስንት ሰው እንደተያዘና እንደሞተ፣ ስንት ሰው እንደተከተበ። አለቃዋ አለማየሁ የሚወደው የተከታቢውን ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከላይ ሲጮሁበት ወደ ታች መጮህ ልማዱ ሆኖ ነው። እሷን ግን እንቅልፍ የሚነሳት ሌላ ነበር፤ ቅጹ ላይ «ከማን እንደያዘው» የሚለው ቦታ። ወጣቶቹ ባለሙያዎች እዚያ ላይ «ያልታወቀ» ብለው ሲያመጡላት ወረቀቱን መልሳ ትሰጣቸዋለች። «ያልታወቀ የሚባል ነገር የለም፤ ያልተጠየቀ ነው ያለው» ትላለች። ልጆቹ ይችን ንግግር ተቀባብለው መቀለጃ አደረጓት። እስክሪብቶ ሲጠፋ እንኳ «አልጠፋም፣ አልተጠየቀም» ይባባላሉ። ትሰማለች፤ ለመቆጣትም አቅም ያስፈልጋልና ታልፈዋለች።

ሐጂ ኡበይደላ የመጡባት በዚህ ድካም መሀል ነው። በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው አዳማ ላይ ያረጁ የሽንኩርት ነጋዴ ናቸው። ሕክምና ማዕከል ሲገቡ ትንፋሽ አጥሯቸው ኦክሲጅን ላይ ስለነበሩ መጠየቅ አልተቻለም። ታናሽ ወንድማቸው መሐመድሰዒድ የአንዲት ልጃቸውን ስልክ ሰጧት። ልጅቷ ፎዚያ ትባላለች፤ መቂ አስተማሪ ናት፤ ቤት ተከራይታ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ስትመረመር እሷም ላይ ተገኘ። ሕመሙ አልጠናባትም፤ ሁለት ሳምንት በሯን ዘግታ እንድትቀመጥ ተነገራት። የመቂ ባለሙያዎች ለክትባት ዘመቻ ገጠር ወጥተው ስለነበር በየጠዋቱ ደውሎ መከታተሉ ዘርፉ ላይ ወደቀ።

በመጀመሪያው ቀን እንደ ልማዷ አንድ በአንድ ጠየቀቻት። አስተማሪ ሲጠየቅ ጎበዝ ተማሪ ነው፤ ፎዚያም አንድ በአንድ መለሰች። ጉሮሮዋን መከርከር የጀመራት ዓርብ ነው። ቅዳሜ ለአባቷ ስትደውል «ድምፅሽ ምን ሆነ?» አሏት። እሑድ ጠዋት ሎሚና ዝንጅብል በፌስታል አንጠልጥለው ከች አሉ። አብረው ምሳ በሉ። ትኩሳት እንዳላት ግንባሯን ዳብሰው አዩ። እሳቸው ማሳል የጀመሩት ረቡዕ ነው።

ዘርፉ ጻፈች። ቀኖቹ ራሳቸው ይናገሩ ነበር፤ በሽታው የሄደው ከመቂ ወደ አዳማ፣ ከልጅ ወደ አባት ነው። ፎዚያ ግን ያን ዕለት ቀን የምታሰላበት ልብ አልነበራትም፤ ሐሳቧ ሁሉ አባቷ አፍ ላይ ያለው ኦክሲጅን ነው። ቅጹ የሚዘጋው ክትትሉ ሲያልቅ ስለሆነ ዘርፉ «ከማን እንደያዛቸው» የሚለውን ለጊዜው ባዶ ተወችው።

ከእርስዎ ወደ አንቺ የወረዱት በሁለተኛው ቀን ነው። «አካም ቡልቴ ፎዚያ?» ትላታለች ዘርፉ፤ በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ ማለቷ ነው። ትኩሳት? የለም። ሳል? ትንሽ። ከዚያ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ከፎዚያ ይመጣል፤ «አባዬስ?»

ማክሰኞ ዕለት ሐጂ ኡበይደላ ሞቱ።

ከቀትር በኋላ መሐመድሰዒድ ቢሮዋ በር ላይ መጥተው ቆሙ። ጫማቸው ላይ የመቃብሩ አፈር ነበር።

«ወንድሜን ቀብሬ መምጣቴ ነው ልጄ» አሉ። «ጥቂት ሆነን፣ ተራርቀን ሰገድንበት። ያ ሁሉ ወዳጁ በሩቁ ቆሞ አየ።»

«እግዚአብሔር ያጥናዎት አባቴ።»

«አሜን። የመጣሁት ለልጅቷ ነው። ፎዚያ አልሰማችም።»

ዘርፉ ገባት። መርዶ በስልክ አይነገርም። መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ቤቱ በዘመድና በጎረቤት ሞልቶ፣ ስትወድቅ የሚደግፋት፣ ደረቷን ስትደቃ እጇን የሚይዝላት ባለበት። አሁን ግን ፎዚያ ቤት ማንም አይገባም። ጎረቤቷ ሃፍሳ ምግቡን ደጃፍ ላይ አስቀምጣ፣ አንኳኩታ ትመለሳለች። ማንም እንዳይገባ ያዘዘችው ደግሞ ራሷ ዘርፉ ናት።

«ብቻዋን ግድግዳ እያየች ትስማው?» አሉ ሽማግሌው። «እኔ ብደውልላት ድምፄ ያሳብቅብኛል። በየቀኑ የምታገኛት አንቺ ነሽ። አደራሽን፣ ቀኗ ሞልቶ እስክንሄድላት ድረስ እንዳታወጪው።»

«ስለሳቸው ብትጠይቀኝስ?»

«ደህና ናቸው በያት።»

«አባቴ፣ እኔ እኮ ሥራዬ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ሥራዬ እውነቱን ማወቅ ነው ልትል ነበር። የሽማግሌው አፍ መሸፈኛ በእንባ ረጥቦ ጉንጫቸው ላይ ተጣብቋል። በጣም ደክሟት ነበር። «እሺ» አለች።

ያን ዕለት ቁጥሩን ጽፋ መላኪያውን ሳትጫን ቆየች። ሞት፣ አንድ። ስም የለው፣ ዕድሜ የለው፤ ማን ያውቀዋል? እንዲያም ሆኖ መቂ ላይ በዚያች ክፍል ውስጥ ስልኳን ይዛ የተቀመጠችው ልጅ ፊቷ ላይ እየመጣች አስቸገረቻት። አዛኑ አለ፤ አበቃ። አለማየሁ ከክፍሉ ሆኖ «ዘርፉ! ቁጥሩ የት ደረሰ? ሰው እየጠየቀኝ ነው እኮ!» ብሎ ጮኸ። ያኔ ተጫነችው።

በማግስቱ ፎዚያ «አባዬስ?» ስትል «ደህና ናቸው» አለቻት። በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም ቀን እንዲሁ። መዋሸቱ አንድ ጊዜ ቢሆን ይቻል ነበር፤ ጠዋት ጠዋት እንደ አዲስ መጀመሩ ነው የከበዳት። ፎዚያ መልሱን ከሰማች በኋላ ዝግ ባለ ድምፅ «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። ዘርፉ ስልኩን ስታስቀምጥ በራሷ ታፍራለች። በዚያ ላይ አለማየሁ ተራቸው ደርሶ ለክትባት ያልመጡ አረጋውያን እንዲፈለጉ ስማቸውን አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ጣለላት። ሐጂ ኡበይደላ አሉበት። ተራቸው ያ ሎሚና ዝንጅብል ይዘው መቂ የወረዱበት እሑድ ነበር።

የፎዚያ ሁለት ሳምንት ባለቀበት ዕለት የጠዋቱ ጥሪ በሰላም አለፈ። ከሰዓት በኋላ ግን ስልኩ ጮኸ፤ የደወለችው ፎዚያ ናት። ደውላ አታውቅም ነበር።

«ነገ በጠዋት ነው የሚመጡት አይደል?» አለች።

«እነማን?»

«ሲስተር፣ ሃፍሳ ግቢውን ስትጠርግ ነው የዋለችው። አግዳሚ ወንበር ስትዋስም ሰምቻለሁ። ከበሽታ ለተነሳ ሰው ወንበር አይዋሱለትም።»

ዘርፉ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፤ ፎዚያ ቀጠለች።

«አውቃለሁ። ያን ማክሰኞ ነው ያወቅኩት። ሁልጊዜ ከመግሪብ በፊት ነው ቁጥሩን የምትለጥፊው። እዚህ አልጋ ላይ ተቀምጬ ሌላ የምጠብቀው ነገር የለኝም እኮ። ያን ቀን ዘገየሽ። ሲመጣም ሞት አንድ ይላል። ሲስተር ዘርፉ ቁጥር ለመለጠፍ እንዲህ የምትቸገር ሰው አይደለችም አልኩ።»

«ታዲያ ለምን በየቀኑ ጠየቅሽኝ?» አለች ዘርፉ።

«ምን ላድርግ? ብቻዬን ላልቅስ? ማን ይዞኝ? አውቃለሁ ካልኩ ማልቀስ ሊኖርብኝ ነው። ሰው እስኪመጣልኝ ላቆየው ብዬ ነው። ጠዋት ደህና ናቸው ስትይኝ ያን ቀን መዋል እችል ነበር።»

ዘርፉ ያን ጊዜ ነው ልብ ያለችው፤ ልጅቷ በዚያ ሁሉ ቀን አንድ ጊዜ እንኳ ድምፁን አሰሚኝ ብላት አታውቅም። ዓመት ሙሉ የሰው ሞት ስትጽፍ ያልመጣ እንባ አሁን መጣ፤ ወጣቶቹ እንዳያዩባት ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ነገ እንደ አዲስ እሰማለሁ፤ እነሱም እንዳወቅኩ አይወቁ» አለች ፎዚያ። «አንቺን ግን ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። አጎቴ ለሃፍሳ ሲነግራት በመስኮት ሰምቼ ነው፤ ያ እሑድ የክትባት ተራው ነበር አሉ። እኔ ጋ ሊመጣ ብሎ ነው የቀረው?»

«ተራቸው ነበር» አለች ዘርፉ፤ እዚህ ላይ ድምፅዋ ጠነከረ። «ግን ስሚኝ። ያን ቀን ቢከተቡም አያድናቸውም ነበር። ክትባቱ ሰውነት ውስጥ እስኪሠራ ሳምንታት ይፈጅበታል። ላጽናናሽ ብዬ አይደለም፤ ማንንም ሐኪም ጠይቂ።»

«ወላሂ በይ።»

«በእናቴ።»

ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «እሺ» አለች ፎዚያ። «እኔ ነኝ ያስያዝኩት?»

በዚህ ዓመት ውስጥ ዘርፉ ይህን ጥያቄ ለስንት ሰው አቅርባለች! ከማን? ከማን? ከማን? እሷን ግን የጠየቃት ሰው አልነበረም። በመስኮቱ በኩል የከሰዓት በኋላው ነፋስ አቧራና ፌስታል እያሯሯጠ ነው። እውነቱን ብትነግራት ሐጂ ኡበይደላ አይነሱም። አጠገባቸው የነበረ ሁሉ ተፈልጎ ተመርምሯል፤ በዚህ እውነት ከእንግዲህ የሚተርፍ ሰው የለም። ያ እውነት ከእንግዲህ የሚሠራው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ከዚች ልጅ ጋር አብሯት ሊያረጅ ነው።

«አይደለሽም» አለቻት።

«እኔን እኮ ዓርብ ነው የጀመረኝ። ቀኖቹን ቆጥሬያቸዋለሁ።»

«ሕመሙ የሚታይበትና የሚያዝበት ቀን አንድ አይደለም። ቀደም ባለው ሳምንት ሽንኩርት ለማስጫን መቂ መጥተው አንቺ ቤት አልበሉም?»

«በልቷል። ሁሌም ይመጣል።»

«አብሯቸው የዋለ ደላላ ላይ ተገኝቷል። ከሱ ነው የያዛቸው፤ አንቺንም ያኔ ነው ያስያዙሽ። አንዳንድ ሰው ላይ ቶሎ አይታይም።»

«ማን የሚባል ደላላ?»

«የሰው ስም አናወጣም። ሕግ ነው።» ይህኛው እውነት ነበር። ደላላው ግን ከሷ አፍ በቀር የትም የለም።

ፎዚያ ዝግ ባለ ድምፅ «አልሐምዱሊላህ» አለች።

ዘርፉ ያን ድምፅ ታውቀዋለች። ጠዋት ጠዋት «ደህና ናቸው» ስትላት የምትመልሰው ራሱ ነው።

በማግስቱ ቢሮ ገና እንደገባች መሐመድሰዒድ ደወሉላት። ሊያመሰግኗት ነበር፤ ግን የሚሉት በደንብ አይሰማም። ከኋላቸው ሴቶች ይጮኻሉ፤ ከሁሉም በላይ የአንዲት ልጅ ድምፅ «አባዬ! አባዬ!» ይላል። አሁን ገና እንደሰማ ሰው፣ ብዙ ቀን ታፍኖ እንደቆየ ነገር ነው የወጣው። «ይዘናታል፤ ሰው ሞልቷል» አሉ ሽማግሌው። ዘርፉ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብላ ስልኩን አስቀመጠች። ቅጹን ሳበችና ባዶ የቆየውን ቦታ ሞላችው።

አለማየሁ የተዘጉትን ቅጾች ለመፈረም ሲያገላብጥ አንዱ ላይ ቆመ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ እንደገና አነበበው። ከዚያ ወጣቶቹም እንዲሰሙለት ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ከማን እንደያዛቸው፦ ያልታወቀ። የማን ጽሑፍ ነው ይሄ? ያንቺ ነው እንዴ ዘርፉ?»

«የኔ ነው።»

ከኋላ አንዱ ልጅ ሳቁን አፈነ። አለማየሁም ፈገግ አለ።

«እህሳ? ልጅቷን አልጠየቅሻትም?»

«እሷ ናት የጠየቀችኝ» አለች ዘርፉ።

አለማየሁ ቀና ብሎ አያት። ዓይኗ አብጧል። ሊናገር የጀመረውን ትቶ ፈረመበትና ወረቀቱን ከሌሎቹ ጋር አስቀመጠው። ዘርፉ ስልኩን አነሳች፤ ያን ቀን የሚደወልላቸው ሰዎች ነበሩ።