ኦፓል ያልረገጠችው ቢሮ

ኦፓል ስታምፐር በፊርማዋ የተከራየችውን ቢሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ለምስክርነት በተጠራችበት ዕለት ጠዋት ነው። በሩ ላይ «ሥራ አስኪያጅ፦ ኦፓል ስታምፐር» የሚል ተለጥፏል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች ሥር፣ በአንድ የከሰል ማውጫ ኩባንያ መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ስታገላብጥ የኖረች ሴት ቴክሳስ ላይ ሥራ አስኪያጅ ሆና ቁጭ አለች!

ከሦስት ወር በፊት አለቃዋ «እዚያ አንዲት ክፍል በስልክ ተከራይና ፈርሚ» አላት። ፈረመች። በዚያ ሸለቆ አለቃ ፈርሚ ሲል ለምን የሚል ሰው የለም። ወዲያው ኩባንያው ከስሬያለሁ ብሎ ለፍርድ ቤት አመለከተ። ያመለከተውም ሠራተኞቹ ባሉበት አገር ሳይሆን የሁለት ቀን መንገድ ርቆ፣ በዚህች ባዶ ክፍል አድራሻ ነው። መጀመሪያ የጠየቀው ደግሞ የጡረተኞቹን የሕክምና መድን ማቋረጥ ነበር።

ታላቅ ወንድሟ ቨርሊን ሠላሳ አንድ ዓመት መሬት ሥር ሠርቷል። ሳንባው የከሰል አቧራ ብቻ ነው። በኦክስጅን ነው የሚያድረው፤ ኦክስጅኑን የሚከፍለው ያው መድን ነው። ጡረተኞቹ ጉዳዩ ወደ አገራችን ፍርድ ቤት፣ ወደ ቻርልስተን፣ ይመለስልን አሉ፤ ኦፓልም የተጠራችው በዚህ ላይ ልትመሰክር ነው። ቻርልስተን ለቨርሊን የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ እዚያ እንደምንም ይደርሳል።

የኩባንያው ጠበቃ ላንግዶን ወንበሩን ሳበላት። «ትንሽ ይቀመጡ፣ ወይዘሮ ስታምፐር።»

«ምን ልሠራ?»

«የፈለጉትን። እዚህ ቢሮ ሠርተዋል ወይ ሲባሉ ውሸት እንዳይሆንብዎት ነው። ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው።»

«ዋሽተሻል ብለው ያስሩኛል?»

«ማን ይዋሹ አለዎት? ቁጭ ይበሉ ነው ያልኩት።» ሰዓቱን አየና ወደ በሩ ሄደ። «ወንድምዎ ጡረተኛ ናቸው አይደል? እርስዎ ግን ገና ደመወዝ ላይ ነዎት።»

ብቻዋን ስትቀር ስልኩን አነሳች፤ ድምፅ የለውም። መሳቢያውን ሳበች፤ የዋጋ ወረቀቱ እንኳ አልተነሳለትም። ብትዋሽ እስር ቤት፣ ባትዋሽ ከሥራ መባረር። ፈራች፤ በሕይወቷ እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

ችሎቱ ላይ የጡረተኞቹ ጠበቃ፣ አንዲት ቀጭን ሴት፣ ተነሳች። «ወይዘሮ ስታምፐር፣ በዚያ ቢሮ ሠርተው ያውቃሉ?»

ላንግዶን አፍጥጦ እያያት ነው።

«አዎ፣ ሠርቻለሁ።»

ላንግዶን ዘና ብሎ ተቀመጠ።

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት። ሃምሳ ደቂቃ። ተቀመጪ ተብዬ።»

ከኋላ ሰው ሳቀ። «ከዚያ በፊትስ?»

«ከተማውንም አይቼው አላውቅ።»

ጠበቃዋ ወደ ዳኛው ዞረች። «ክቡር ዳኛ፣ ክፍል ተከራይቶ ዳኛ መምረጥ ማለት ይኸው ነው። ይህን ቀዳዳ የሚዘጋው ረቂቅ ሕግ ኮንግረስ ገብቶ ገብቶ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው።»

ዳኛው ሽማግሌ ናቸው፤ አልሳቁም። «ኮንግረስ ሲዘጋው እኔም እዘጋዋለሁ። እዚህ ከተማ ባንክ ውስጥ የኩባንያው ገንዘብ አለ?»

«አለ፣ ክቡር ዳኛ» አለ ላንግዶን።

«ገንዘቡ ካለ ይበቃል፤ አሁን ያለው ሕግ ይፈቅድለታል። ጉዳዩ እዚሁ ይታያል። የመድኑን ነገር የሚመጣው ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እሰማለሁ። ምስክር የሚሆን በአካል ይቅረብ።»

ኦፓል ከምስክር ወንበሩ ወረደች። እውነቱን ከተናገርኩ ይበቃል ብላ ነበር። እንጀራዋን በገዛ አፏ ጥላ፣ በምትኩ ምንም አላገኘችም።

ኮሪደሩ ላይ ቆማ ለወንድሟ ደወለች።

«ነገርሻቸው?» አለ ቨርሊን።

«ነገርኳቸው።»

«ጎበዝ። ታዲያ ጉዳዩን መለሱልን?»

«አልመለሱም። ሐሙስ እዚሁ ነው። መመስከር የሚፈልግ በአካል ይምጣ አሉ።» የመጨረሻውን ባልነገርኩት ብላ ወዲያው ተቆጨች።

የኦክስጅን ማሽኑ ትንፋሽ በስልኩ ይሰማታል።

«መኪናሽ ስንት የኦክስጅን ሲሊንደር ይይዛል?»

«ቨርሊን፣ ሁለት ቀን መንገድ ነው። መንገድ ላይ ብትሞትብኝስ?»

«መድኑን ከነጠቁኝ እዚህ አልጋዬ ላይ አይደል የምሞተው? ስንት ይይዛል አልኩሽ?»

አትምጣ ልትለው አፏን ከፈተች።

«የኋላው ወንበር ይታጠፋል» አለችው።